«አዎ» የሚል መልስ ብቻ ስንፈልግ

ዛሬ ከጠመኔና ከሰሌዳ በቀር ምንም የማይጠይቅ አንድ ጨዋታ ላካፍላችሁ ነው። ጨዋታው ቀላል ይመስላል። እኔን ግን አንድ ተማሪዬን እንዴት እንደበደልኩት ያሳየኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አንድ የቁጥር ሕግ በልቡ ይይዝና ሰሌዳው ላይ 2፣ 4፣ 6 ብሎ ይጽፋል። «እነዚህ ሕጌን ያሟላሉ፤ ሕጉ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎች የራሳቸውን ሦስት ሦስት ቁጥር እየጠሩ ይሞክራሉ፤ መምህሩ «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» ከማለት በቀር ሌላ አይናገርም። ሕጉን አገኘሁ ያለ እጁን ያወጣል።

እዚህ ካኩማ በማስተምርበት ክፍል ስሞክረው አንዷ 8፣ 10፣ 12 አለች። ያሟላል። ሌላው 20፣ 22፣ 24። ያሟላል። ሦስተኛው 100፣ 102፣ 104። ይሄም ያሟላል። ወዲያው ከኋላ «ሁለት ሁለት እየጨመሩ መሄድ ነው!» ተባለ። አይደለም ስላቸው ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ ሁሉንም ያሟላል ሲሉን አልነበር እንዴ?» አሉኝ፤ ያጭበረበርኳቸው መስሏቸው።

ሕጉ «ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄዱ ቁጥሮች» የሚል ብቻ ነው። 1፣ 2፣ 3 ያሟላል፤ 5፣ 17፣ 90ም ያሟላል። ይህን ለማግኘት ግን የራሳችንን ግምት ሊያፈርስ የሚችል ነገር መጥራት አለብን፤ ለምሳሌ 2፣ 4፣ 7። መምህሩ «ያሟላል» ካለ «ሁለት ሁለት» የሚለው ግምት እዚያው ወደቀ ማለት ነው። 8፣ 10፣ 12 ብንል ግን የእኛ ግምት ልክ ቢሆንም፣ የመምህሩ ሰፊ ሕግ ቢሆንም መልሱ ያው «ያሟላል» ነው። እንዲህ እያልን መቶ ጊዜ ብንጠይቅ ሁለቱን መለየት አንችልም።

ጨዋታውን ያወጣው ፒተር ዌሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው፤ ጥናቱን ያሳተመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ነበር። የተፈተኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ከ29ኙ አንድም የተሳሳተ መልስ ሳይሰጡ ሕጉን ያገኙት 6 ብቻ ነበሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። እርግጥ በ1987 ክሌይማንና ሃ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ «አዎ»ን መፈለግ ሁልጊዜ ሞኝነት አይደለም። የሚያታልለን እውነቱ ከግምታችን ሲሰፋ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። አንድ ጊዜ ሦስት የሒሳብ መጻሕፍት ጠፉብን። አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ፤ አልዘረዝረውም። እኔ አንድ ልጅ ጠረጠርኩና ማስረጃ መልቀም ጀመርኩ። ከክፍል መጨረሻ ይወጣል፤ ቦርሳው ትልቅ ነው፤ ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። ሁሉም «ያሟላል» ሆነልኝ! ያልሰረቀ ልጅም እኮ መምህር ሲቆጣው መሬት ያያል፤ በብዙዎቻችን ቤት እንዲያውም ጨዋነት ነው። መጨረሻ የሚወጣውም ክፍል መጥረግ የእሱ ተራ ስለነበር ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አላሰብኩትም።

«እሱ ካልወሰደስ፣ የት ሊሆኑ ይችላሉ?» ብላ የጠየቀችው ሌላ መምህርት ናት። መጻሕፍቱ የማታ ትምህርት ከሚሰጥበት ክፍል ሳጥን ውስጥ ተገኙ። ልጁ ግን ትምህርት ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ቤታቸው ሄጄ እናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ተመልሷል። ድሮ ከፊት ነበር የሚቀመጠው፤ አሁን በሩ አጠገብ ነው።

መምህራን፣ ጨዋታውን ስትሞክሩት ተማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ሦስት ቁጥር ጎን የሚጠብቁትን መልስ አስቀድመው እንዲጽፉ አድርጉ። «አያሟላም» ብለው የጠበቁት ስንት እንደሆነ ሲቆጥሩ፣ እናንተ ማስረዳት ሳያስፈልጋችሁ ራሳቸው ይስቃሉ። ተማሪዎችም በሰፈር «ዝርዝር ወጣ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ያንኑ መንገድ ሞክሩ፤ የሰሙትን ሳይሆን ሰሌዳው ድረስ ሄዶ ያየውን ሰው ፈልጉና ጠይቁ።