የምንከፍለው ለቅዝቃዜ ነው ወይስ ለሙቀት? የቤት ኤሲና የመብራት ሒሳብ

በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ወራት የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ቀን ፀሐይ ሲያግለው የዋለው የብሎኬት ግድግዳ ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ወደ ቤት ውስጥ ሲለቅ ስለሚያድር፣ ሕፃናትና አረጋውያን ያለ እንቅልፍ የሚያነጉባቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም። ስለሆነም በድሬዳዋም ሆነ በሰመራና በጋምቤላ ኤሲ ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ መግዣው እንደምንም ይገኝ ይሆናል፣ የወር የመብራት ሒሳቡስ እንዴት ይቻላል? በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው ከሳይንሱ በመነሣት መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም

በመኖሪያ ቤቶች በብዛት የሚገጠመው ስፕሊት የሚባለው ዓይነት ነው። አንዱ ክፍሉ በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ክፍሉ በውጭ ይቀመጣል፤ ሁለቱን የሚያገናኙትም ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ናቸው። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በቤት ውስጥ በሚተንበት ጊዜ ከክፍሉ አየር ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ይህን ተን ጨምቆ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ተኑም በውጭ ሲደርስ ሙቀቱን ለውጭው አየር ለቅቆ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

ከዚህ እንደምንረዳው ኤሲ ቅዝቃዜን የሚሠራ ሳይሆን ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያጓጉዝ መሣሪያ ነው። ነገሩ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ የገባውን ውሃ በባልዲ እየቀዱ እንደ ማውጣት ነው። የድካማችን መጠን የሚወሰነው በባልዲው ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ጣሪያው በሚያፈሰው ውሃ መጠንና ውሃውን ወደ ምን ያህል ከፍታ አንሥተን በምንደፋው ጭምር ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሰላል?

በገበያ ላይ 12,000 ቢቲዩ ተብሎ የሚሸጠው ኤሲ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያወጣው የሚችለው ሙቀት በዋት ሲሰላ ወደ 3,500 ዋት ይሆናል። ብዙ ሰዎች ይህን ቁጥር ከቆጣሪው ጋር በቀጥታ ያያይዙታል፤ ግን ስሕተት ነው። መሣሪያው ሙቀትን የሚያጓጉዝ እንጂ የሚፈጥር ስላልሆነ፣ አንድ መካከለኛ ኤሲ ለእያንዳንዱ 3 ዋት ሙቀት 1 ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይበቃዋል። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ጊዜ የሚወስደው 1,170 ዋት አካባቢ ነው።

አንድ ቤተሰብ ይህንኑ ኤሲ በየሌሊቱ ለ8 ሰዓት ቢጠቀም፣ ኮምፕሬሰሩም ከዚህ ጊዜ 60 በመቶውን ብቻ ቢሠራ እንበል። የሌሊቱ ፍጆታ 5.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በ30 ቀን ደግሞ 168 ኪሎ ዋት ሰዓት። ለማነጻጸር ያህል፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይቋረጥ ለ2 ሰዓት ቢሠራ የሚፈጀው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ ይህ ቤተሰብ በየሌሊቱ ከአንድ ሙሉ የእንጀራ ጋገራ ብዙም የማያንስ ኃይል ይጠቀማል ማለት ነው። በአንጻሩ 60 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ በዚያው 8 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የብሩን መጠን ለማወቅ አንባቢው ፍጆታውን በወቅቱ ታሪፍ ማባዛት ይኖርበታል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲስተካከል በመደረጉ የቆየ ቁጥር ይዞ ማስላት ያሳስታል። በተጨማሪም የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚያድግ ነው። ስለዚህ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ብቻ ሲከፍል የቆየ ቤተሰብ ኤሲ ሲጨምር ከፍ ወዳለ የታሪፍ እርከን ሊሸጋገር ይችላል፤ ያም ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

የዲግሪው ዋጋ

በግድግዳና በጣሪያ በኩል ወደ ቤት የሚገባው ሙቀት በውጭና በውስጥ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። በውጭ 32 ዲግሪ ሆኖ ኤሲውን በ26 ላይ ብናደርገው ልዩነቱ 6 ዲግሪ ነው፤ በ20 ላይ ብናደርገው ግን 12 ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚገባው ሙቀት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሙቀቱን ወደ ላይ የምናነሣበት ከፍታ ስለጨመረ እያንዳንዱን ዋት ለማውጣት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክም ይጨምራል። ቤቱ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብለው ገና ከመነሻው 18 ላይ የሚያደርጉት ጥቂት አይደሉም። ሆኖም ተራው ኤሲ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ፍጥነት ብቻ ስለሚሠራ ከዚህ የሚገኝ ፍጥነት የለም፤ የሚገኘው ሳይጠፋ የሚቆይ ኮምፕሬሰር ነው።

ኢንቨርተር የተባለው ዓይነት ኮምፕሬሰሩን እያጠፋ በማብራት ፈንታ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሠራል። በለሆሳስ በሚሠራበት ጊዜ ለአንድ ዋት ኤሌክትሪክ ከ4 ዋት በላይ ሙቀት ሊያወጣ ይችላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ በአማካይ 4.5 ዋት ቢያወጣ፣ የወሩ 168 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 112 ዝቅ ይል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጠቀም ቤተሰብ የዋጋው ልዩነት ይካካሳል፤ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ለሚያበራ ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

የሚንጠባጠበው ውሃ ምን ይነግረናል?

ከኤሲው ቱቦ የሚወርደው ውሃ በቤቱ አየር ውስጥ የነበረ እርጥበት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከተንነት ወደ ፈሳሽነት ሲለወጥ 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቅቃል፤ ይህንን ሙቀት ለማውጣትም 0.23 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠፋል። ኤሲ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ልብስ ማስጣት ወይም ክዳን ሳይገጥሙ ውሃ ማፍላት ሒሳብ የሚያስጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩ ደረቅ በሚሆንባቸው ወራት ግን በውሃ ትነት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ከኤሲ ፍጆታ በጥቂቱ ብቻ ሊያገለግል ይችላል። እርጥበት ከበዛ ይህ መሣሪያ እንደማይሠራና፣ ከኤሲ በተቃራኒው መስኮት ከፍተው እንደሚጠቀሙበት ማስታወስ ይገባል።

ከመሣሪያው በፊት ቤቱ

ወደ ባልዲው ምሳሌያችን እንመለስ። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ትልቅ ባልዲ ከመግዛቱ በፊት ቀዳዳውን ይደፍናል። በምዕራብ በኩል ያለ፣ 1.5 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውና ጥላ የሌለው መስኮት ከሰዓት በኋላ ወደ 800 ዋት የሚደርስ የፀሐይ ሙቀት ሊያስገባ ይችላል፤ ይህም የኤሲያችንን ሙሉ አቅም ሩብ ያህል ነው። በውጭ በኩል የሚዘረጋ ሸራ ወይም ዛፍ ይህን ከመስታወቱ በፊት ይመክተዋል፤ በውስጥ የሚጋረድ መጋረጃ ግን ሙቀቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ ያን ያህል አይረዳም። ከቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ መሥራትና በመካከላቸው ያለው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መተው፣ የበርና የመስኮት ክፍተቶችን መድፈን፣ የኤሲውን የአቧራ ማጣሪያ በየጊዜው ማጠብ፣ ከኤሲው ጋር ማራገቢያ ተጠቅሞ ዲግሪውን ሁለት ያህል ከፍ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ወጪያቸው አነስተኛ ነው።

በመጨረሻም አንባቢው የእኛን ስሌት በራሱ ቆጣሪ እንዲፈትነው እንጋብዛለን። ኤሲው በ26 ዲግሪ ባደረበት ሌሊት ማታና ጠዋት ቆጣሪውን አንብቦ ይመዝግብ፤ በሚቀጥለው ሌሊት ሌላው ነገር ሁሉ ሳይለወጥ በ22 ዲግሪ ይድገመው። በሁለቱ ፍጆታዎች መካከል የሚያገኘው ልዩነት የአራቱ ዲግሪዎች ዋጋ ነው። ይህን ያወቀ ቤተሰብ ሕፃኑን በሙቀት ሳያሠቃይ፣ በወሩ መጨረሻም ሳይደነግጥ፣ ምን ያህል ቅዝቃዜ እንደሚያስፈልገው በራሱ ሊወስን ይችላል።