ሸራውን እንዳትቆርጡት

ከመሃል አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ቤተሰብ ዕቃ ሲጭን ስኒው በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ ቴሌቪዥኑ በሁለት ፍራሽ መሃል ይቆማል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረው ሥዕል ግን የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ አይሱዙው ሞልቷል፣ ሹፌሩም ይነጫነጫል። «ፍሬሙን ትተን ሥዕሉን ብቻ እንውሰድ» የሚል ሰው አይጠፋም።

ቡራዩ አንድ ቤት የገጠመኝም ይኸው ነው። ሥዕሉ የአድዋ ጦርነት ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ፣ ጣሊያኖቹ እንደ ድሮው ሠዓሊዎች ወግ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ተስለዋል። የገዙት ሟቹ አባወራ ናቸው። ፍሬሙን ምስጥ በልቶታል። የልጅ ልጃቸው ምላጭ ይዞ በፍሬሙ ዙሪያ ሸራውን ሊቆርጥ ሲል አያቱ «አንተ ልጅ፣ ቆይ!» ብለው እጁን ያዙት። ደግ አደረጉ። በፍሬሙ ሥር የተደበቀው ጠርዝ ከተቆረጠ ሸራውን መልሶ መወጠር አይቻልም። የሠዓሊው ፊርማም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ጠርዝ አጠገብ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ፍሬም የምንለው ሁለት ነገር መሆኑን ነው። አንዱ ከፊት የሚታየው ጌጥ ነው፤ ሌላው ሸራው የተወጠረበት የውስጥ እንጨት ነው። ማውለቅ ያለብን ጌጡን ብቻ ነው። ሸራው ከውስጥ እንጨቱ ጋር ይቆይ።

መጀመሪያ ቀለሙን እንይ። መብራቱን አጥፍታችሁ የሞባይል ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ የተነሣ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሚረግፍ ቀለም ካለ ጥላው ይታያል። ካለ እዚያው ላይ አቁሙ። ሥዕሉን ከነፍሬሙ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙትና ባለሙያ ፈልጉ። ቀለሙ ደህና ከሆነ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ንጹሕ አንሶላ አንጥፉ፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ ሥዕሉን በፊቱ አስተኙት። የጀርባውን ፎቶ አንሡ። ቡራዩ ላይ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘን፦ ሥዕሉ የተገዛው የበኩር ልጃቸው ክርስትና በተነሣችበት ቀን ነበር። ልጅቱ ዛሬ እሷም እናት ናት፤ ይህን አታውቅም ነበር።

ከዚያ ሚስማሩ ነው። ከሸራውና ከመሣሪያው መሃል ወፍራም ካርቶን አስገቡና አንድ በአንድ በፒንሳ ሳቡ። መዶሻ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ምት ቀለም ያረግፋል። የዛገ ሚስማር እምቢ ካለ ሸራውን ከምታንገላቱ ያረጀውን ፍሬም ብትሰብሩት ይሻላል። ሚስማሩ ካለቀ በኋላ የውስጥ እንጨቱን በሁለት በኩል ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡ። ጣት ከኋላ ሸራውን እንዳይገፋ ተጠንቀቁ፤ ጉብታው ከፊት ይቀራል። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ሥዕል ከሆነ ግን አትጎትቱት።

እንጨት ላይ በሙጫ የተለጠፈ ሥዕልም የቤት ሥራ አይደለም። በአገራችን በጥጥ ጨርቅ ላይ ስሎ ጨርቁን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ተጓዥ ቡድን ጎንደር አጠገብ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን አንሥቶ ፓሪስ ወስዷል፤ በቦታቸው የተተካው ጋስተን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊያቸው የሣለው ቅጂ ነው። መላቀቅስ ይላቀቃል። በማን እጅና ለማን ጥቅም የሚለው ግን እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ባለሙያ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መጠየቅ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ ሁሉ አሮጌ ሥዕል ማደስ ይችላል ማለት አይደለምና «ከዚህ በፊት አድሰሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለጉዞ ሥዕሉን በአንሶላ ሸፍኑ፣ ከፊትም ከኋላም ካርቶን አድርጉለት፣ መኪናው ላይ በቁሙ እሰሩት። ላስቲክ ቀለሙን እንዳይነካ፤ ያልበዋል፣ ይጣበቃል። ሰበታ የደረሰ አንድ ሥዕል ላስቲኩ ሲገፈፍ የመልአኩን ክንፍ ይዞ ሄደ። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በነጭ ጋዝ መወልወልም ይቅር።

ሱሉልታ ለገባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ክረምቱ ብርድና ጉም ነው፣ አዲስ የተለሰነ ግድግዳም ቶሎ አይደርቅም። ሥዕሉን በውጭ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ምረጡ። ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ ለጥፉበት፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ።