ትኬቱ የአንድ፣ ሂሳቡ የሁለት
የኢንተርኔት ቁማር ክፍያ በጋራ ሂሳብ ላይ ለምን ይያዛል?

በባሕር ዳር ገበያ ገንዘብን በጋራ መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። ዕቁቡ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የባንክ ሂሳብ ሲከፈትለትም የአንድ ሰው ፊርማ አይበቃም። ከጣና ዳር ዓሣ ተረክቦ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ከሸሪኩ ጋር፣ የዘጌን ቡና የሚያሻሽጥ ደላላ ከወንድሙ ጋር አንድ ሂሳብ ቢይዝ የሚገረም የለም። ጣጣው የሚመጣው ይኸው ሂሳብ በስልክ ለሚጫወቱት ቁማር ሲውል ነው።

የኢንተርኔት ውርርድና ካሲኖ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሲቀበሉ ማንነትን አጥብቀው አይመረምሩም። የስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይበቃል። ገንዘቡ ሲገባ ክፍት የነበረው በር፣ ይውጣ ሲባል ግን ዘበኛ ይቆምበታል።

ሁለት ሸሪኮች አሉ እንበል። አንደኛው በራሱ ስም ተመዝግቦ ከጋራ ሂሳባቸው 10,000 ብር ያስገባል። ይቀናውና 180,000 ብር ይደርሰዋል። ክፍያውን ሲጠይቅ የተመዝጋቢው ስምና የሂሳቡ ስም አልገጠመም፣ መታወቂያ ይላክ ይባላል። ይልካል። ቀጥሎ የሁለተኛው ባለሂሳብ መታወቂያና ፈቃድ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሸሪክ ግን ለዓሣ መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ ለቁማር መዋሉን የሚሰማው ገና በዚያች ዕለት ነው። ክርክሩ ከካሲኖው ጋር መሆኑ ይቀርና በሁለቱ መካከል ይሆናል።

በዚህ ረገድ ድርጅቶቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ሕገወጥ ገንዘብን የሚከታተለው ግብረ ኃይል ካሲኖዎች 3,000 ዶላር ወይም ዩሮ በደረሰ የገንዘብ እንቅስቃሴ ላይ የደንበኛቸውን ማንነት እንዲያጣሩ ይጠይቃል። ኢትዮጵያም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 780 የራሷን ሕግ አውጥታለች። ይሁን እንጂ ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. በግብረ ኃይሉ የክትትል መዝገብ ውስጥ ቆይታለች። በአንድ ሰው ስም የገባ ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ሲወጣ ማየት የሚያስደነግጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያስወቅሳቸው ጥያቄውን የሚያነሡበት ሰዓት ነው።

እንግሊዞች ይህን ቀደም ብለው አይተውታል። የቁማር ኮሚሽናቸው ከሚያዝያ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተጫዋቹ ስም፣ አድራሻና የልደት ቀን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት እንዲጣራ አዟል። ቀደም ብሎ ሊጠየቅ ይችል የነበረን ሰነድ ለክፍያ ማዘግያ ማድረግ አይፈቀድም። ቅሬታው በስምንት ሳምንት ካልተቋጨ ተጫዋቹ ያለ ክፍያ ወደ ገለልተኛ አስታራቂ መሄድ ይችላል። ይህ ግን የሚያገለግለው ድርጅቱ የእንግሊዝን ፈቃድ ይዞ ለሚያጫውተው ሰው ነው። ብዙዎቹ የውጭ ካሲኖዎች የሚነግዱት በኩራሳዎ ደሴት ፈቃድ ሲሆን፣ እዚያ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ዋና ባለፈቃዶች ለሌሎች ፈቃድ ሲያከራዩ ኖረዋል። ደሴቲቱ አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ያዋለችው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው።

ስምና ዘመን

የእኛ ስም አጠራርም የራሱ ችግር አለው። ኢትዮጵያዊ ስሙ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ነው፤ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። በመሆኑም ባልና ሚስት በጋራ የከፈቱት ሂሳብ ባሕር ማዶ ለተቀመጠ መርማሪ የሁለት ባዕዳን ሂሳብ ይመስለዋል። ፀጋዬን አንዱ ባንክ በላቲን ፊደል በ«ቲ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። የልደት ዘመኑ ይብሳል፦ መታወቂያው ላይ 1985 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከሆነና መርማሪው እንደ ፈረንጅ ዘመን ካነበበው፣ ሰውየው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ ስምን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚጽፍ ከቀበሌው ካርድ የተሻለ ነው።

በአማራ ክልል ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰነድ ላክ የተባለ የባሕር ዳር ደንበኛ ቀኑ የሚያልፍበት መልእክቱን እንኳ ሳያየው ነው። እንዲህ ያለ መቋረጥ የገጠመው ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ቀኑ እንዲራዘምለት መጠየቅ ይኖርበታል።

ምን ይዞ መቅረብ ይሻላል?

መጀመሪያ የሚታየው ሂሳቡ የተከፈተበት ውል ነው። በባንክ ቋንቋ «እና» እና «ወይም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። «ወይም» ከሆነ አንዱ ብቻውን ያንቀሳቅሰዋል፤ «እና» ከሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ቅርንጫፉ የሁለቱን ባለሂሳቦች ሙሉ ስምና የፊርማውን ዓይነት ገልጾ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ቢሰጥ፣ ገንዘቡ የወጣበት ቀን ያለበት የሂሳብ መግለጫ ቢያያዝ፣ የሁለተኛው ወገን የጽሑፍ ስምምነት ቢታከልበት፣ የጉዳዩ ግማሽ ያለቀ ያህል ነው። ለባልና ሚስት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይጨመራል። ቴሌብር የአንድ ሰው እንጂ የጋራ ስላልሆነ፣ በወንድም ስልክ አስገብቶ በራስ ስልክ ለመቀበል መሞከር ያንኑ ጭቅጭቅ ይጠራል። ክፍያው ታግዶ ሳለ በቀረው ገንዘብ መልሶ መጫወትም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው በትዕግሥት ማጣት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ግብሩም መዘንጋት የለበትም። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ በወቅቱ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። በዚያ ስሌት ከላይ የጠቀስነው 180,000 ብር 27,000 ብር ይቀነስለታል። ድርሻው ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ሸሪኮቹ የሚካፈሉት ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን አስቀድሞ መጻፍ ያሻል። ለባለትዳሮች ደግሞ ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ አለ፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገንዘብ የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው።

አገር ውስጥ ፈቃድ ያለው ድርጅት ክፍያ ከያዘ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 535 እንደገና ወደ ተቋቋመው የሎተሪ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል። የውጭ ካሲኖ ግን እዚህ የሚከሰስበት ጽሕፈት ቤት የለውም። ብር ወደዚያ በባንክ አይሻገርምና አንዳንዱ በዲጂታል ሳንቲም ይከፍላል። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ግብይት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያ መንገድ የከፈለ ሰው ክፍያው ቢያዝበት፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት ቅርንጫፍም የሚያያይዘው የሂሳብ መግለጫም የለውም።