አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሥራ በአንዴ እንዴት ይችላል? ለምንስ ይጎተታል?

ሻንቶ በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ የሰው ጉዳይ የሚያልቀው በወረቀት ነው። ማመልከቻ ይጻፋል፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን ይደረጋል፣ ጉርድ ፎቶ ይዘጋጃል፣ የፋይዳ መታወቂያ ይታተማል፣ የፈተና ውጤት ከድረ ገጽ ላይ ይታያል። ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይወድቃል። ወርድ ላይ ግማሹ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው በአማርኛ ሲሆን በግዕዝ ፊደል፣ በወላይትኛ ሲሆን በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የፊደል መቀያየሪያው ፕሮግራምም አብሮ ይሠራል። ፎቶሾፕ ላይ የሰው ፎቶ ተከፍቷል፣ ክሮም ላይ ብዙ ገጾች ተደርድረዋል፣ ቴሌግራም ደንበኛ የላከውን ፋይል ያወርዳል፣ በፍላሽ ደግሞ መዝሙር እየተጫነ ነው።

ያኔ ኮምፒውተሩ «ስታክ» ያደርጋል። ማውሱ ይቆማል፣ የተጻፈው ፊደል ዘግይቶ ብቅ ይላል። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ቢሮ ሳይዘጋ ለመድረስ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ወይም «አርጅቷል፣ ይቀየር»። ሁለቱም ገንዘብና ጊዜ ይፈጃሉ። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ባነሰ ወጪ የሚፈታ ነው። ለመፍታት ደግሞ ኮምፒውተሩ ብዙ ሥራን በአንዴ እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጓዳው፣ ጠረጴዛውና እጁ

ዳጣ የምታዘጋጅ የወላይታ እናትን እናስብ። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ጓዳ ውስጥ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የምታወጣው ለአሁኑ ሥራ የሚያስፈልጋትን ብቻ ነው። የሚፈጨውና የሚቀላቅለው እጇ ነው። በኮምፒውተር ውስጥም እንዲሁ ሦስት ክፍሎች አሉ። ጓዳው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ፋይሎችና ፕሮግራሞች መብራት ቢጠፋም የሚቀመጡበት። ጠረጴዛው ራም ነው፤ አሁን የተከፈተው ሁሉ የሚዘረጋበት። እጁ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው። አንድን ፕሮግራም መክፈት ማለት ከጓዳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ ተራ ይሰጣል

አንድ የፕሮሰሰር ኮር በመሠረቱ በአንድ ቅጽበት የአንድን ፕሮግራም ትእዛዝ ብቻ ይፈጽማል። ብዙ ነገር በአንዴ የሚሠራ የሚመስለን ዊንዶውስ ተራውን በፍጥነት ስለሚያቀያይረው ነው። ለወርድ ጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ለክሮም፣ ከዚያ ለቴሌግራም፣ ከዚያ እንደገና ለወርድ። ፊት ለፊት ላለው፣ ማለትም እየጻፍንበት ላለው ፕሮግራም፣ ረዘም ያለ ተራ ይሰጠዋል። ሁለት ኮር ያለው ኮምፒውተር ሁለት፣ አራት ኮር ያለው አራት ሥራዎችን በአንድ ቅጽበት ማካሄድ ይችላል።

ይህ ተራ የመስጠት ስልት የቆየ ነው። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲጠቀሙበት አድርገው አሳይተዋል። እያንዳንዱ ሰው ማሽኑ የእሱ ብቻ እስኪመስለው ድረስ ተራው ይፈጥን ነበር። ዛሬ በሻንቶ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ትርፍ ጊዜ እንዳለው በቁጥር ማየት ይቻላል። ፈጣን ጸሐፊ በሰከንድ አምስት ያህል ቁልፎች ይመታል። በአንዱና በሚቀጥለው ቁልፍ መካከል ያለው ጊዜ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 3 ጊጋሄርዝ ፕሮሰሰር 600 ሚሊዮን ምት ይመታል። ስለዚህ የተከፈተ ግን የማይነካ ደብዳቤ ለፕሮሰሰሩ ሸክም አይሆንም። ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል እንጂ አይሠራም። የተከፈቱ ፕሮግራሞች መብዛት ብቻውን ፕሮሰሰሩን አያደክመውም።

ራሙ ግን ይሞላል

ዝም ብሎ የተቀመጠ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ባይነካም ከጠረጴዛው ላይ ቦታውን ይዟል። ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ያላቸው ራም 4 ጊጋባይት ነው። ከዚህ ላይ ዊንዶውስ 10 ራሱ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ ያውም ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት። አንቲቫይረሱ ከዚያ ላይ ይጨምራል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጀምሮ ገጾቹን ለየብቻ በተነጠሉ ሂደቶች ያካሂዳል። ይህም አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላው እንዳይወድቅ ይረዳል፤ በአንጻሩ ብዙ ራም ይፈጃል።

ፎቶም ከሚታሰበው በላይ ቦታ ይይዛል። በስልክ የተነሣ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ በፍላሽ ላይ ሦስት ወይም አራት ሜጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። ፎቶሾፕ ሲከፍተው ግን ይዘረጋዋል። 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ድምሩ 36 ሜጋባይት ነው። አሥር ፎቶ ከተከፈተ 360 ሜጋባይት ሆነ። ጀርባውን ነጭ ለማድረግ ተጨማሪ ሌየር ሲሠራ፣ ወደ ኋላ ለመመለስም የቀደሙት ደረጃዎች ሲቀመጡ ቁጥሩ እየናረ ይሄዳል። ለአንድ ጉርድ ፎቶ ይህን ያህል ማሽን መድከሙ የሚያስገርመው ስሌቱን ላላየ ሰው ነው።

መጎተቱ የሚጀምርበት ቦታ

ራም ሲሞላ ዊንዶውስ «ቦታ የለም» ብሎ አያቆምም። ለጊዜው ያልተነካውን መረጃ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይመልሳል፣ በምትኩ የሚፈለገውን ያመጣል። ጥቂት ሲሆን አይታወቅም። ነገር ግን ደብዳቤው፣ ፎቶውና ክሮሙ ሦስቱም በየተራ ሲነኩ የወጣው ይገባል፣ የገባው ይወጣል። እጁ መሥራቱን ትቶ ከጓዳ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ጓዳ ሲመላለስ ይውላል። ይህን ክስተት ፒተር ዴኒንግ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1968 አስረድቷል። ድምዳሜው ዛሬም የጸና ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም አሁን የሚጠቀምበት መረጃ ሁሉ ራም ውስጥ ካልገባ፣ ማሽኑ በዝግታ ሳይሆን በድንገት ነው የሚወድቀው። ሰባት ፕሮግራም ተከፍቶ ደህና የነበረ ኮምፒውተር በስምንተኛው ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

መጎተቱን የሚያባብሰው የሃርድ ዲስኩ አሠራር ነው። በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚወዛወዝ ክንድ አለ። አንድ መረጃ ለማግኘት ክንዱ ቦታው ላይ እስኪደርስና ሳህኑ እስኪዞር የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይፈጃል። ራም ያንኑ የሚያደርሰው ከዚህ 100,000 ጊዜ ያህል በሚያንስ ጊዜ ነው። መረጃው በየቦታው ከተበታተነ ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ ማድረስ የሚችለው ከ100 ጊዜ እምብዛም አያልፍም። በዚያው ሰዓት መዝሙር ወደ ፍላሽ እየተጫነና አንቲቫይረሱ ሃርድ ዲስኩን እየፈተሸ ከሆነ፣ ሁሉም የሚሻማው በዚያችው አንዲት ክንድ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዲስክ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። እንዲህ ላለው የተበታተነ መረጃ ከሃርድ ዲስክ 100 ጊዜ ያህል ይፈጥናል።

መድኃኒቱ ከምርመራ በኋላ

ኮምፒውተሩ ሲጎተት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የፕሮሰሰሩን፣ የሜሞሪውን (የራሙን) እና የዲስኩን አጠቃቀም በመቶኛ ያሳያል። ሦስቱን አስተያይተው ያንብቡ።

ሜሞሪው ከ85 በመቶ አልፎ ዲስኩም 100 ላይ ከቆመ፣ የጎደለው ራም ነው። ሜሞሪው ትርፍ ቦታ እያለው ዲስኩ 100 ከሆነ፣ ዲስኩን የያዘው ፕሮግራም የቱ እንደሆነ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስ ማዘመኛ ወይም የአንቲቫይረስ ፍተሻ ሆኖ ይገኛል። ምንም ሳይሠራ ዲስኩ ሁልጊዜ 100 ላይ ከሆነ ሊበላሽ ተቃርቦ ይሆናልና ፋይሎችዎን ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሳይኖር 100 ላይ ከቆመ ቫይረስ ይጠርጠሩ። ሥራ ሲበዛ ከሞቀና ከዘገየ ደግሞ አቧራ ማራገቢያውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ማጽዳት ይበቃል።

ገንዘብ የማያስወጣው እርምጃ ይቅደም። እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱና ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ያጥፏቸው። ክሮም ላይ ሥራቸው ያለቀ ገጾችን ይዝጉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ክሮም ያልተነኩ ገጾችን ከራም የሚያወጣ ቅንብር አለውና ያብሩት። ፎቶዎችን አንድ በአንድ ይሥሩ፤ ያለቀውን ይዝጉ። ፍላሽ ላይ ብዙ ፋይል የመጫኑን ሥራ ባለጉዳይ ለማይበዛበት ሰዓት ያቆዩት። «ራም እናጸዳለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ይራቁ፤ የሚያደርጉት መረጃውን ወደ ዘገምተኛው ዲስክ መግፋት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ያው መረጃ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ካልበቃ ራም ይጨምሩ። ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑ ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ራምም ይለያያል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምምና ራም ከመጨመር በፊት ወደ 64 ቢት መለወጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው። አሮጌ ኮምፒውተርን የዚህን ያህል የሚያነቃ ለውጥ የለም።

ፎርማት ማድረግ ለጥቂት ሳምንታት የሚያቀለው አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ስለሚያጠፋ ነው። ፕሮግራሞቹ ተመልሰው ሲጫኑ መጎተቱም ይመለሳል፤ ራሙ አልጨመረም፣ ዲስኩም ያው ነው። በዚህ መሐል የጠፋ የደንበኛ ፋይል ግን አይመለስም።

አንድ ነገር አደራ። ራም የያዘውን ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይጥላል። ያልተቀመጠ ደብዳቤ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ወርድ በራሱ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ስለሆነ ቅንብሩን ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ ዝቅ ያድርጉት፤ ኮንትሮልና ኤስ መምታትንም ልማድ ያድርጉ። መብራት እየተቆራረጠ ለሚመጣባቸው ከተሞች ይህ ከየትኛውም የፍጥነት ምክር ይበልጣል።

የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎችና ኮምፒውተር የሚያስገዙ የወረዳ ቢሮዎች ሁሉ፦ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች አንብቡ። ዝቅተኛ ራም ያለው አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ ራምና ኤስኤስዲ የተጨመረለት አሮጌ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ ይሻላል።