ላንካስተር፦ ለቦምብ ሰፊ፣ ለሰው ጠባብ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ዋና መሣሪያ የሆነው ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላንካስተር የተወለደው ከአንድ ውድቀት ነው። የእንግሊዝ አየር ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1936 ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ እንዲሠራለት ጠየቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አቭሮ የተባለው ኩባንያ በዋና ንድፍ አውጪው በሮይ ቻድዊክ መሪነት የሠራው አውሮፕላን "ማንችስተር" ተባለ። በ1939 የመጀመሪያ በረራውን አደረገ።

ችግሩ ሞተሩ ላይ ነበር። ሮልስ ሮይስ "ቫልቸር" ያለውን ሞተር የሠራው ሁለት ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሮችን በአንድ ዘንግ ላይ በማጋጠም ነው። 24ቱ ሲሊንደሮች ከመጠን በላይ ይግላሉ፤ ዘይቱ በሚገባ አይዳረስም፤ ሞተሩ በአየር ላይ እሳት ይይዛል። አንዱ ሞተር ሲቆም ደግሞ የቀረው ብቻውን አውሮፕላኑን በከፍታው ማቆየት ያቅተዋል። 200 ያህል ማንችስተሮች ተሠርተው በ1942 አጋማሽ ከውጊያ ተገለሉ።

ቻድዊክ ግን ሥራውን ሁሉ ከነሞተሩ አልጣለም። ገላውን እንዳለ ተወው፤ ክንፎቹን ከ27 ሜትር ወደ 31 ሜትር አስረዘማቸው፤ በሁለቱ ቫልቸሮች ምትክ አራት "መርሊን" ሞተሮችን ሰቀለ። መርሊን ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረና በውጊያ የተፈተነ ሞተር ነው። አዲሱ አውሮፕላን ጃንዋሪ 9 ቀን 1941 ተነሣ። ጦርነቱ እስኪያበቃና ከዚያም ጥቂት እስኪቆይ 7,377 ላንካስተሮች ተሠሩ፤ ከእነዚህ 430ዎቹ የካናዳ ሥራ ናቸው።

አውሮፕላኑን የተለየ ያደረገው ሆዱ ነው። የመጀመሪያው መስፈርት ቶርፔዶ መሸከምንም ይጠይቅ ስለነበር 10 ሜትር የሚረዝም፣ በመካከሉ ምንም የማይከፍለው የቦምብ ክፍል ወጣለት። የቶርፔዶው ሐሳብ ቢቀርም ክፍሉ አልጠበበም። በጦርነቱ መጨረሻ 10 ቶን የሚመዝን አንድ ቦምብ ሊሸከም የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያኔም የቦምብ ክፍሉ በሮች መነሣት ነበረባቸው።

ለሰባቱ የበረራ አባላት የተረፈው ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘው ወፍራም ወጋግራ የአውሮፕላኑን ውስጥ አቋርጦ ያልፋል። ከኋላ ወደ ፊት ለመሄድ ወፍራም ልብስ የለበሰ ሰው በጨለማ ተንጠላጥሎ መሻገር ነበረበት። የኋላው መትረየስ ተኳሽ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲጠብሰው ያድራል። ከአብራሪው በቀር አብዛኞቹ ፓራሹታቸውን አጠገባቸው አኑረው ስለሚበርሩ አውሮፕላኑ ሲመታ መጀመሪያ ፈልገው ደረታቸው ላይ መግጠም ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ መውጫው አለ። በአፍንጫው ወለል ላይ ያለው ዋናው የማምለጫ ቀዳዳ ስፋቱ 56 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ሃሊፋክስ በተባለው ሌላው ከባድ ቦምብ ጣይ 61። የአምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሊናቅ ይችላል፤ በሰው ሕይወት ሲለካ ግን አይናቅም። ኋላ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ፍሪማን ዳይሰን በወጣትነቱ በቦምብ ጣይ ዕዝ የጥናት ክፍል ይሠራ ነበር። እሱ እንደጻፈው፣ ተመትተው ከወደቁ ሃሊፋክሶች በሕይወት የሚያመልጡት አንድ አራተኛ ያህል ሲሆኑ፣ ከላንካስተር ግን 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሥራ ባልደረባው ቀዳዳው እንዲሰፋ ብዙ ታገለ። አብዛኞቹ አባላት ግን ጠባቡ ቀዳዳ ባለበት አውሮፕላን እየበረሩ ጦርነቱን ጨረሱ፤ አለዚያም በዚያው አለቁ።

ከ125,000 የዕዙ የበረራ አባላት 55,573ቱ ሞተዋል። ከታች ደግሞ በተደበደቡት የጀርመን ከተሞች፣ በ1943 በሃምቡርግ፣ በ1945 በድሬስደን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ረግፈዋል። ብሪታንያ እነዚህን ሁለት ሐዘኖች በአንድነት መያዝ ተስኗት ለአሥርት ዓመታት ተከራከረች። የዕዙ አዛዥ የአርተር ሃሪስ ሐውልት በ1992 ሲመረቅ ተቃውሞ ገጠመው። ለሞቱት አባላት በለንደን ግሪን ፓርክ መታሰቢያ የቆመው በ2012፣ ማለትም ጦርነቱ ካበቃ ከ67 ዓመታት በኋላ ነው።

በእኔ እምነት ክርክሩ አንድ ጥያቄ ዘሏል። የከተሞቹ መደብደብ የፖለቲከኞችና የጄኔራሎች ውሳኔ ነው፤ የቀዳዳው ጥበት ግን የንድፍና የቢሮ ጉዳይ ነበር፤ ሊስተካከልም ይችል ነበር። ማንችስተርን በጥቂት ወራት ወደ ላንካስተር የለወጠ የምህንድስና ችሎታ ቀዳዳውን በአምስት ሴንቲ ሜትር ማስፋት አያቅተውም። የጎደለው ሰው ከቦምብ እኩል የሚያሳስበው አለቃ ነው። ስለ ላንካስተር የሚጻፍ ማንኛውም ታሪክ ከ10 ሜትሩ የቦምብ ክፍል ጎን 56 ሴንቲ ሜትሩንም መመዝገብ አለበት።