11 ሺህ 500 ብር ቡሬ ላይ ስንት ያወጣል?

የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ወሬ የተሰማው ነሐሴ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ማሻሻያው ሥራ ላይ የዋለው ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፣ ገንዘቡ በሠራተኛው እጅ የሚገባው ደግሞ ወሩ ሲገባደድ ነው። በወሬውና በገንዘቡ መካከል ከአንድ ወር ያላነሰ ጊዜ አለ። ይህቺን ጊዜ ከደመወዝተኛው ይልቅ ቸርቻሪውና ቤት አከራዩ ጠንቅቀው ያውቋታል። ጭማሪው መታወቁን ተከትሎ መንግሥት ያለአግባብ ዋጋ በሚጨምሩ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ ያስጠነቀቀውም ይህንኑ በመገመት ይመስላል።

በማሻሻያው መሠረት ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4 ሺህ 760 ወደ 6 ሺህ ብር፣ ከፍተኛው ከ21 ሺህ 492 ወደ 39 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። በዲግሪ ተመርቆ ለሚቀጠር ወጣት መነሻው ከ6 ሺህ 940 ወደ 11 ሺህ 500 ብር አድጓል። መነሻው በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው። አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ቤት የተከራየውም፣ ከዚያ 387 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ፍኖተ ሰላም የሚሠራውም፣ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ከፍኖተ ሰላም ቀጥላ በምትገኘው ቡሬ የተመደበውም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የሰፈሩ ናቸው።

ብዙ ሰው ሦስቱን አወዳድር ቢባል ቡሬ ያለው ይሻለዋል ይላል። እህሉ ከደጅ ነው፣ ቤቱ ርካሽ ነው፣ ወደ ሥራ በእግር ይደረሳል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ ግን ገበያውን በቅርብ ለሚከታተል ሰው ሊጤን የሚገባው ነው።

በወረቀትና በእጅ

በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት አንድ ወጣት የሂሳብ ባለሙያ ተቀጠረ እንበል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ11 ሺህ 500 ብሩ ላይ 2 ሺህ 100 ብር ግብር ይቆረጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይነሳል። እጁ የሚገባው 8 ሺህ 595 ብር ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 286 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል።

ከማሻሻያው በፊት በነበረው ሂሳብ፣ ከ6 ሺህ 940 ብር ላይ በቀድሞው የግብር መጣኔ 1 ሺህ 170 ብር ግብርና 486 ብር ገደማ ጡረታ ተቆርጦ 5 ሺህ 284 ብር ይቀረው ነበር። ስለዚህ በወረቀት 4 ሺህ 560 ብር የተባለው ጭማሪ በእጅ ሲቆጠር 3 ሺህ 311 ብር ግድም ነው። ከግብር ነፃ የሆነው የገቢ መጠን ከ600 ወደ 2 ሺህ ብር ከፍ ባይል ኖሮ ደግሞ ከዚህም ያንስ ነበር።

በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በ500 ብር ይቀጠር እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር 240 ዶላር ያህል ማለት ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ባንኮች ዶላርን ከ140 ብር በላይ ይመነዝሩ ነበር። በዚህ ስሌት 11 ሺህ 500 ብር ከ82 ዶላር አይበልጥም። እርግጥ የዚያን ጊዜው ምንዛሪ ታስሮ የተቀመጠ ነበር፤ ምሩቁም ቁጥሩ ጥቂት ነበር። ያም ሆኖ አባቶች በ500 ብር ደመወዝ ቤተሰብ ማስተዳደራቸውን ሲያወሩ ልጆች የሚገረሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

የጥር እህልና የነሐሴ እህል

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳና በርበሬ በብዛት የሚመረትበት ነው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ እህል በዓመቱ ዝቅተኛ ዋጋው ላይ ይሆናል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳና ሌላም ወጪ ስላለበት መሸጥ አለበት። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይራቆታል፣ ዋጋውም ይወጣል።

እንግዲህ የገጠር ከተማ ርካሽነት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያገኘው ግን በጥር ወር የዓመቱን ቀለብ በአንድ ጊዜ መግዛት የቻለ ሰው ብቻ ነው። ወጣቱ የሂሳብ ባለሙያ ደመወዙን የሚያገኘው በወር በወሩ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ለማስቀመጥ የሚበቃ ገንዘብ ቀርቶ፣ ብዙ ጊዜ ኩንታሉን የሚያስቀምጥበት ቦታም የለውም። የሚኖረው በሰው ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በኪሎ ይገዛል፣ አለዚያም እንጀራውን ከጋጋሪ ይወስዳል። በነሐሴ በኪሎ የሚገዛው ጤፍ የዚያው አገር ጤፍ ነው፤ ልዩነቱ በመካከሉ አንድ ነጋዴ ለሰባት ወር መጋዘን ውስጥ አስቀምጦታል። ነጋዴው የገንዘቡን፣ የመጋዘኑንና የነቀዙን ዋጋ መያዙ አግባብ ነው። ወጣቱ ከእህሉ አገር ተቀምጦ የማከማቻውን ክፍያ ግን አላመለጠም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፣ ዕቁብ። ብልሆቹ ሠራተኞች የዕቁባቸው ዕጣ ጥር ላይ እንዲደርሳቸው ከወዲሁ ይነጋገራሉ፤ ዕጣው ቀድሞ ከወጣለትም ጋር ይለዋወጣሉ። አንድ ሰው በወር 1 ሺህ ብር እየጣለ በአሥር ሰው ዕቁብ 10 ሺህ ብር ቢደርሰው፣ በባንክ ወለድ ሊያገኝ ከሚችለው በላይ በእህል ዋጋ ልዩነት ያተርፋል። ከአዲሱ ደመወዝ ጭማሪ ውስጥ ለዕቁብ የምትውለዋ ገንዘብ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ምርታማ ሳትሆን አትቀርም።

መንገዱ ሲዘጋ

ከእህል ውጪ ያለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው በመንገድ ነው። ሳሙና፣ ስኳር፣ ደብተር፣ ጫማ፣ መድኃኒት፣ ሲሚንቶ የዓባይን በረሃ ተሻግረው፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፈው ነው ፍኖተ ሰላም የሚገቡት። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የጭነት ዋጋው በሸቀጡ ላይ ያርፋል። በዚህ ረገድ ቡሬ ከአዲስ አበባ ርካሽ ልትሆን የምትችልበት ምክንያት የለም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገዱ አንዳንድ ጊዜ ለቀናት የሚዘጋበት ሁኔታ ተፈጥሯል። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ለሆነ ከተማ ይህ መራር ነገር ነው። መንገድ ሲዘጋ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ገበያ ይፈጠራል። ወደ መሀል አገር ይሄድ የነበረው በርበሬና በቆሎ ስለማይወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ከመሀል አገር የሚገባው ሸቀጥ ስለማይደርስ ዋጋው ይወጣል። ደመወዝተኛው በበቆሎው ጥቂት ይጠቀማል፣ በሳሙናው ይጎዳል። ገበሬው በርበሬውን በርካሽ ከሸጠ ደግሞ ከከተማው ሱቅ የሚገዛው ይቀንሳል፤ ሱቁም ሥራው ይቀዘቅዛል። የሞባይል ኢንተርኔት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በስልክ መክፈልና መላክም ተስተጓጉሎ፣ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ብቻ የሚገበያይበት ወቅት ነበር።

የዘይትን ነገር ለብቻው ማንሳት ይገባል። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በቀን እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው በወቅቱ ተነግሮ ነበር። በዚያው ዓመት የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመርቋል። ከፋብሪካው ደጅ የሚኖር ሰው ዘይት በርካሽ ያገኛል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ነገር ግን የአገር ውስጥ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ከውጭ በሚገባ ድፍድፍ ላይ በእጅጉ የተመረኮዙ በመሆናቸው፣ ዋጋውን የሚወስነው የዶላር ምንዛሪ እንጂ የፋብሪካው ቅርበት አይደለም። ዶላር ሲወደድ ቡሬና አዲስ አበባ እኩል ይወደድባቸዋል።

ከባንክ ሠራተኛ ጋር መፎካከር

ፋብሪካና ፓርክ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የቤትና የቦታ ዋጋ መሆኑን ደላሎች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለአንዲት ክፍል የሚወዳደሩት ደግሞ እኩል ደመወዝ ያላቸው አይደሉም። የግል ባንኮች ቅርንጫፍ በከፈቱ ቁጥር የተሻለ የሚከፈለው፣ ከመሥሪያ ቤቱም በአነስተኛ ወለድ የሚበደር ተከራይ ይመጣል። አከራይ እሱን ይመርጣል፤ ልጃገረድ ያላቸው ወላጆችም እንዲሁ ይባላል።

በሌላው ጫፍ ያለው የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። የመስከረሙ ጭማሪ እሱን አይመለከተውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አነስተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ እስከ 2018 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል አልተወሰነም ነበር። አንድ ዓይነት ዲግሪ ይዘው በአንድ ግቢ የተከራዩ ሁለት ወጣቶች መካከል ጭማሪው ልዩነት ሲፈጥር፣ የኪራይ ጭማሪው ግን ሁለቱንም እኩል ያገኛል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አፈጻጸሙ የተጀመረው ግን በአዲስ አበባ ነው። ወጣቱ ከ8 ሺህ 595 ብሩ ሢሶውን ለቤት ኪራይ ቢከፍል 2 ሺህ 865 ብር ይሄዳል፤ የሚቀረው በቀን 191 ብር ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መብራት፣ ካርድ፣ ልብስ፣ ለወላጅ የሚላከው፣ ዕድሩም ዕቁቡም ከዚህ ነው።

የህንዶቹ ዘዴ

በዚህ ጉዳይ ላይ ህንድን መመልከት አይከፋም። የህንድ ወጣት ባለሙያም በድሎት የሚኖር አይደለም። በቤንጋሉሩ ትልልቅ የኮምፒውተር አገልግሎት ኩባንያዎች ለአዲስ ምሩቅ የሚከፍሉት መነሻ፣ በዓመት 350 ሺህ ሩፒ ግድም፣ ለአሥር ዓመታት ያህል ብዙም ሳይነቃነቅ መቆየቱ እዚያው አገር ሲያነጋግር ቆይቷል። ኪራዩ ግን አልጠበቀም።

የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ያደረገው ግን ሌላ ነው። ከመደበኛው ደመወዝ በተጨማሪ የኑሮ ውድነት አበል የሚባል አለ፤ ይህ አበል የሸማቾች ዋጋ መለኪያን ተከትሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከለሳል። ሠራተኛው ጭማሪ ይመጣል አይመጣም እያለ ወሬ አይጠብቅም። ከዚህም ሌላ ከተሞች በሕዝብ ብዛታቸው በሦስት ተመድበው የቤት ኪራይ አበል ይከፈላል፤ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህ አበል ለትልልቆቹ 30፣ ለመካከለኞቹ 20፣ ለትንንሾቹ 10 በመቶ ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው ዘዴ እንዳለ ቢገለበጥ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ከመጨረሻው ምድብ ይወድቃሉ፣ ከአዲስ አበባ ያነሰ ያገኛሉ። ይህ ኪራይን ብቻ ካየን ፍትሐዊ ነው፤ መንገዱን ካየን ግን አይደለም። ለቡሬው ወጣት የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረ ጊዜ ደመወዝ ቆሞ ነበር። በ2017 ማብቂያ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ዝቅ ብሏል ሲባል ደግሞ ዋጋው ወረደ ማለት ሳይሆን የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። በዚሁ 14 በመቶ ቢቀጥል እንኳ፣ የመስከረም 2018 8 ሺህ 595 ብር በመስከረም 2019 የሚገዛው ዛሬ 7 ሺህ 540 ብር የሚገዛውን ያህል ነው።

የዱቤ ደብተር

በትንሽ ከተማ የደመወዝተኛው እውነተኛ ባንክ የሰፈሩ ሱቅ ነው። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ያለው ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና በደብተር ይጻፋል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። ባለሱቁ ወለድ አይጠይቅም፣ ወለዱን በዋጋው ላይ ያስቀምጠዋል። የማይከፍሉ ስለሚኖሩ የእነሱንም ድርሻ የሚከፍሉት ላይ ያካፍላል። ጭማሪ እንደሚመጣ ሲሰማ ደግሞ ደብተሩን ዘርጋ ያደርጋል፤ እስከ ወር አጋማሽ የሚያበድረውን እስከ ወር መጨረሻ ይፈቅዳል።

ለዚህ ነው የጭማሪ ወሬ በተሰማበት በነሐሴ፣ በዓልም በተቃረበበት፣ የትምህርት ቤት ደብተር በሚገዛበት ወቅት ዱቤ የሚበዛው። የመስከረሙ 8 ሺህ 595 ብር በባንክ ሲገባ ወጣቱ የሂሳብ ባለሙያ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሱቁ ነው። የነሐሴውን በነሐሴ መጨረሻ ዋጋ፣ የዘመን መለወጫውን ዶሮና ቅቤ በበዓል ዋጋ ከፍሎ፣ ቀጥሎ የአከራዩን በር ያንኳኳል። ለጥሩ ዕቁብ የሚጥለውን 1 ሺህ ብር የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ከተረፈው ነው።