የትምህርት ቤት ግብርና የሕዝብ ድምፅ፦ የካሊፎርኒያ ተሞክሮ

ለትምህርት ቤቶች የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት ይገኝ የሚለው ጥያቄ የማያሳስበው አገር የለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ፣ በአካባቢው ቤትና መሬት ላይ ስለሚጣለው የትምህርት ግብር ነዋሪው ራሱ ድምፅ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ በነዋሪዎች የተመረጠ የትምህርት ቦርድ አለው። ቦርዱ የግብሩን መጠን፣ የሚከፈልበትን ዘመንና ገንዘቡ የሚውልበትን ሥራ በጽሑፍ ዘርዝሮ ለመራጮች ያቀርባል። መራጩም «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ሲል ይወስናል። ሐሳቡ ከጸደቀ ግብሩ ከመደበኛው የንብረት ግብር ጋር ተሰብስቦ ለትምህርት ወረዳው ገቢ ይሆናል።

ይህ አሠራር የሕዝቡን ፈቃድ ለማወቅ ይረዳል። ይሁን እንጂ ፈቃድና አቅም አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ወረዳ ለእያንዳንዱ ተማሪ 10,000 ዶላር፣ በሌላው ወረዳ ደግሞ 100,000 ዶላር የሚገመት ንብረት ቢኖርና ሁለቱም አንድ በመቶ ግብር ለመክፈል ቢስማሙ፣ የመጀመሪያው ለአንድ ተማሪ 100 ዶላር፣ ሁለተኛው ግን 1,000 ዶላር ያገኛል። ድምፁ አንድ ሲሆን ውጤቱ አሥር እጥፍ ይለያያል።

ነገሩ በምሳሌ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968–69 የትምህርት ዘመን የቦልድዊን ፓርክ ወረዳ ነዋሪዎች በየ100 ዶላር የንብረት ግምት 5.48 ዶላር ሲከፍሉ፣ ለአንድ ተማሪ የዋለው ወጪ 577 ዶላር ነበር። ባለጸጎች የሚኖሩበት ቤቨርሊ ሂልስ ግን 2.38 ዶላር ብቻ እያስከፈለ ለአንድ ተማሪ 1,232 ዶላር ያወጣ ነበር። ይህም ማለት ከእጥፍ በላይ የከፈለው ከግማሽ ያነሰ አገኘ ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴራኖ በፕሪስት ላይ በመሠረቱት ክስ እ.ኤ.አ. በ1971 በሰጠው ውሳኔ፣ የልጅ ትምህርት በወላጆቹና በጎረቤቶቹ ሀብት እንዲወሰን ማድረግ የእኩልነትን መብት እንደሚጥስ አመለከተ፤ በ1976ም ይህንኑ አጸና።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1978 የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ «ሐሳብ ቁጥር 13» የተባለውን ሕግ በድምፅ አጸደቀ። ሕጉ የንብረት ግብርን ከዋጋው አንድ በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስም ግምቱ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳያድግ አገደ። በውጤቱም የትምህርት ወጪ ዋና ሸክም ከአካባቢው ወደ ክፍለ ግዛቱ መንግሥት ተሸጋገረ። ለትምህርት ቦርዶች የቀረላቸው በእያንዳንዱ ይዞታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በእኩል መጠን የሚጣል ግብር ሲሆን፣ ቦርዱ ይህን ሲያቀርብ ሁለት ሦስተኛ የድጋፍ ድምፅ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከመቶ መራጮች ስድሳ ስድስቱ ቢደግፉም ሐሳቡ ይወድቃል። ለትምህርት ቤት ሕንፃ ለሚወሰድ ብድር ግን ከኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ 55 በመቶ ድምፅ እንዲበቃ ተፈቅዷል።

በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 መሠረት በገጠር መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ነበር። ይህ ግብር በመንግሥት አዋጅ እንጂ በነዋሪ ድምፅ የተወሰነ አልነበረም። ዛሬም ሕዝቡ በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ ትምህርት ቤት ሲያሠራ የአካባቢዎች አቅም ልዩነት ያው ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ከተሞክሮው ሦስት ቁም ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ የትምህርት ዕቅድ አውጪ ሕዝቡን መዋጮ ከመጠየቁ በፊት የአካባቢውን አቅም በተማሪ ቁጥር አካፍሎ ማወቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ አቅሙ ላነሰው አካባቢ የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ከመዋጮው ጋር አብሮ መታቀድ አለበት። ሦስተኛ፣ መምህራን ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ለወላጆች በግልጽ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ ሕዝብ የሚያውቀውን ይደግፋልና። ድምፅ ፈቃድን ይለካል፤ አቅምን መለካትና ጉድለቱን መሙላት ግን የዕቅድ አውጪው ተግባር ነው።